አሻጥር የሚለው ቃል በማን እጅ ነው?

ዘይት ከሱቅ ሲጠፋ፣ ስኳር ሲወደድ፣ የዶላር ምንዛሪ ሲያሻቅብ ከሹማምንት አንደበት የማይታጣ ሐረግ አለ፤ «የኢኮኖሚ አሻጥር»። በሰማሁት ቁጥር እደነግጣለሁ። ደርግ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሸቀጥ ደብቃችኋል ያላቸውን ነጋዴዎች የረሸነው ይህንኑ ሐረግ እየጠራ ነበርና።

አሻጥር የለም ማለቴ አይደለም። ሆን ብሎ፣ ተደብቆ፣ ሥራ የሚያስተጓጉል ወይም ንብረት የሚያወድም ሰው በየዘመኑ ነበረ። ከእነዚህም መካከል ዛሬ በክብር የምናነሳቸው አሉ፤ ኔልሰን ማንዴላ አንዱ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1960 በሻርፕቪል 69 ሰዎችን ከገደለና የትግል ድርጅታቸው ከታገደ በኋላ፣ ማንዴላና ጓዶቻቸው «ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ» የተባለውን የትጥቅ ትግል ክንፍ አቋቋሙ። በዲሴምበር 16 ቀን 1961 በመንግሥት ሕንፃዎችና በኤሌክትሪክ ተቋማት ላይ ፈንጂ አፈነዱ። ሰው እንዳይጎዳ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራቸው። ድርጊቱ በስውር ተፈጸመ፤ ኃላፊነቱ ግን አልተደበቀም፤ በዚያው ጊዜ ማን እንዳደረገውና ለምን እንዳደረገው የሚናገር በራሪ ወረቀት ተበተነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም እጅ አለበት። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ፈንጂ መሥራትንና መተኮስን ተማሩ። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት፣ ሲሸኟቸው ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። እኒሁ ታደሰ ብሩ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

የደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ) መንግሥት መልሱን በሕግ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የአሻጥር ሕግ ቅጣቱን ከአምስት ዓመት እስራት እስከ ሞት አደረሰው። ትርጉሙንም እጅግ ለጠጠው፤ ያለ ፈቃድ ግቢ መግባት እንኳ በአሻጥር ሊያስከስስ ቻለ፤ ክፉ ዓላማ እንዳልነበረው የማስረዳቱም ሸክም በተከሳሹ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔን ከፈንጂው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፈንጂ አንድ ምሰሶ ይጥላል፤ እንዲህ ያለ ሕግ ግን ማንንም ሰው፣ ምንም ሳያደርግ፣ አሻጥረኛ ሊያደርገው ይችላል።

ማንዴላ ከጓዶቻቸው ጋር በአሻጥር በተከሰሱበት በሪቮኒያው ችሎት በኤፕሪል 1964 ቆመው አሻጥር ማቀዳቸውን እንደማይክዱ በግልጽ ተናገሩ። ከሽምቅ ውጊያና ከሽብር ይልቅ አሻጥርን የመረጡት የሰው ሕይወት ስለማይጠፋበት፣ ለወደፊቱም በነጭና በጥቁር መካከል ቂም እንዳይተርፍ መሆኑን አስረዱ። በጁን 12 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ታዲያ የእኛ ሹማምንት አሻጥር ተፈጸመብን ሲሉ ለምን እንዲህ ያለ ዝርዝር አንሰማም? ዘይቱ የተደበቀበት መጋዘን የት ነው? ያዘዘው ማን ነው? ሰነዱስ? የሚሰማው «አሻጥረኞች» የሚል ደፈናዊ ስም ብቻ ነው። ስም ያልተጠራበት ክስ የሚያርፈው ደግሞ ሁለት ጆንያ ጤፍ በጓዳው ባስቀመጠ የሰፈር ባለሱቅ ላይ ነው፤ ደንብ አስከባሪ በሩን ሲያሽግበት ጎረቤቱ ቆሞ ያያል፤ ማስረጃው የት አለ ብሎ የሚጠይቅለት ግን የለም።