ቼክ ይደረጋል

ኧረ ጓዶች ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ይሄ "ቼክ" የሚባል ቃል ከሀዋሳ ይውጣልኝ በቃ። ከሀዋሳ ባይሆን እንኳ ከኛ ሰፈር ይውጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሶስት ሳምንት ለእህቴ 3,200 ብር በስልክ ላኩላት፣ ከኔ አካውንት ሹልክ ብሎ ወጣ፣ እሷ ጋ ግን የለም። ቴክስቱ "ተልኳል" ይላል፣ እሷ "ኧረ አልገባም" ትላለች፣ ብሩ የት አባቱ እንደገባ እግዜር ይወቀው። በነጋታው ሱቄን ዘግቼ (መነኻሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ነው የምሰራው፣ ጠዋት መዝጋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሰራበት ያውቀዋል) ባንክ ሄድኩ። የቱ ባንክ እንደሆነ አልናገርም። ተሰልፌ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ትሁት ናት፣ አልዋሽም፣ "እሺ ወንድሜ፣ ቼክ እናደርግና እንደውልልሃለን" አለችኝ፣ እኔም ጅሉ አመስግኜ ወጣሁ። ማን ይደውል። በሳምንቱ ስሄድ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፣ "ባለፈው ማን ነበር ያናገረህ? እሺ፣ ቼክ ይደረጋል"። በሶስተኛው ሳምንት ደግሞ አንዱ ባለ ሱፍ ከውስጥ ወጥቶ "ጉዳዩ ቼክ እየተደረገ ነው" ብሎኝ ተመልሶ ገባ።

ልብ አላችሁልኝ? መጀመሪያ "እናደርጋለን" ነበር፣ ከዛ "ይደረጋል" ሆነ፣ ከዛ "እየተደረገ ነው"። ሰውየው ቀስ እያለ ከአረፍተ ነገሩ ውስጥ ወጥቶ ሄደ እኮ! ማነው የሚያደርገው? ዝናብ ነው እንዴ በራሱ የሚዘንበው?

ተናድጄ ሱቄ ተመልሼ ስነጫነጭ አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ ቲቸር አሉ፣ የጡረታ ወረቀታቸውን ኮፒ ለማስደረግ መጥተው ሰሙኝ። ቼዝ ይወዳሉ፣ ሰው ካገኙ ሀይቅ ዳር ጥላ ስር ሲጫወቱ ነው የሚውሉት። "ልጄ፣ ቼክ ማለትኮ መጀመሪያ ንጉሥ ማለት ነበር" አሉኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ማታ ቤት ገብቼ ስፈትሽ ግን እውነታቸውን ነው።

ቃሉ የመጣው ከፋርስ ነው፣ "ሻህ" ከሚለው፣ አዎ ያው የኢራኑ ሻህ። ቼዝ ሲጫወቱ የሌላውን ንጉሥ ሊበሉት ሲሉ "ሻህ!" ይሉ ነበር፣ ንጉሥህን ጠብቅ እንደማለት። ይሄ ቃል ከፋርስ ወደ አረብ፣ ከአረብ ወደ አውሮፓ ሄዶ ፈረንሳዮቹ አፍ ውስጥ "ኤሼክ" ሆነ፣ እንግሊዝ ሲገባ "ቼክ"። ንጉሥህ ተይዞ ሌላ ነገር ማድረግ ስለማትችል ቃሉ ማገድ፣ ማስቆም፣ ልጓም ማስገባት የሚል ትርጉም አመጣ። አንድን ነገር ከመዝገብ ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ የሚለው፣ ማለትም እኛ ፍዳችንን የምናይበት ትርጉም፣ የመጣው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ቼክሜት ደግሞ "ሻህ ማት" ነው፣ አንዳንዱ ከአረብኛው ወስዶ "ንጉሡ ሞተ" ይለዋል (የኛው "ሞተ" እና የአረቡ "ማተ" ወንድማማች ናቸው)፣ ሌላው ግን አይ፣ በፋርስኛ "ንጉሡ መላ አጣ" ማለት ነው ይላል። ቲቸር ሁለተኛውን ነው የሚወዱት። እኔም። ንጉሥ ሆኜ ባላውቅም መላ ማጣቱን ተክኜበታለሁ።

አሁን እኔን ያበገነኝ ምን መሰላችሁ፣ ቼዝ ላይ ቼክ ከተባልክ እዛው በዛው መልስ መስጠት አለብህ። ወይ ንጉሥህን ታሸሻለህ፣ ወይ ያጠቃህን ትበላለህ፣ ወይ መሀል ላይ ሌላ ታስገባለህ፣ አለቀ። "ቼክ አድርጌ እደውልልሃለሁ" የሚባል ሙቭ የለም! ሲፈጠር ጀምሮ አሁኑኑ ማለት የነበረ ቃል እኛ ጋ ሲደርስ "ሂድ ወደዛ" ሆነ።

ይባስ ብሎ ቃሉ ከገንዘብ ቤት ጋርም ዝምድና አለው። በ12ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ገንዘብ ያዦች 10 ጫማ በ5 ጫማ የሚሆን ጠረጴዛ ላይ እንደ ቼዝ ገበታ የተሰመረ ጨርቅ ያነጥፉና ጠጠር የመሰለ መቁጠሪያ እያንቀሳቀሱ ሂሳብ ያወራርዱ ነበር፣ ግብር አምጪው ሸሪፍ እዛው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እያየ። ያ መስሪያ ቤት ኤክስቼከር ተባለ፣ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከዛሬ የማዕረግ ስሙ በዛው ነው። ባንክ የምንወስደው ቼክም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ድሮ ፎርጅድ እንዳይሰራ የሚመሳከርበት ጉርድ ነበር። የለበስኩት ቼክ ሸሚዝ ሳይቀር ዘመድ ሆኖ አረፈው። እና ከዘጠኝ መቶ አመት በፊት ሸሪፉን አስቀምጠው ፊቱ ነው የሚቆጥሩት፣ እኔ ግን በ3,200 ብሬ ኮምፒውተሩን ዞር አድርገው እንኳ አላሳዩኝም።

እኛም እኮ ከጨዋታው አልጎደልንም። "ሰንጠረዥ" የምንለው ቃል ራሱ የቼዝ ስም ነው፣ አረቦቹ "ሸጥረንጅ" ከሚሉት። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል አለው፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማንም ተራ አይጠብቅም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ነው የሚያንቀሳቅሱት። ይሄን ሳነብ ባንኩ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ብሩን ከኔ ሲወስዱ ወረራ፣ ሲመልሱ ተራ ጠብቅ።

ደሞ አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። "አጣራለሁ" ካልክ እንደ ጠጅ ዝቃጩን ከንፁሁ ትለያለህ። "አመሳክራለሁ" ካልክ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ። "እፈትሻለሁ" ካልክ እጅህን ታስገባለህ። "አረጋግጣለሁ" ካልክማ ነገ መጥቼ እይዝሃለሁ። እያንዳንዱ ቃል ስራ ያሸክምሃል። "ቼክ አደርጋለሁ" ግን ምንም አያሸክምም፣ አይንህን ወርወር ካደረግክም አድርገሃል፣ ካላደረግክም ማን አይቶህ። ለዛ ነው የወደድነው። የባጃጅ ሹፌሩ ጎማ ቼክ ያደርጋል፣ እናቴ ሳትቀር "ወጡን ቼክ አድርጊ" ትላለች ለታናሿ፣ አከራዬ የቧንቧውን ነገር ከፋሲካ ጀምሮ ቼክ እያደረጉት ነው።

በወንጀል ህጋችን አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ፅፎ የሰጠ ሰው ይቀጣል። እሺ በአፉ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚሰጠኝስ? ሶስት ሳምንት ሶስት ቼክ ተቀበልኩ፣ አንዱም አልተመነዘረም።

ሰኞ ጠዋት እንደገና እሄዳለሁ። ቲቸርም አብሬህ ልምጣ ብለውኛል፣ የቼዝ ገበታቸውን ይዘው። "ቼክ ካሉህ እዛው ዘርግተን እንቀመጣለን" አሉኝ፣ ሲቀልዱ ይሁን የምራቸውን አላወቅኩም።

እስከዛው ከዚህ ፖስት ስር መጥቶ "ብሮ ኢንቦክስህን ቼክ አድርግ" የሚለኝን ሰው ብሎክ አደርገዋለሁ። ይደረጋል አላልኩም። እኔ ራሴ፣ በዚህ ጣቴ፣ አደርገዋለሁ።