ቀብድ ተቀብሎ ሰውን ሊሾ ላይ የሚያስተኛ እንጨት ቤት ሁሉ

ኧረ በቃ! አዲስ አፓርታማ የገባ ሰው አልጋው እስኪደርስ ሊሾ ላይ መተኛቱ ደንብ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ባሕር ዳር ሂዱ፣ ደብረ ማርቆስ ሂዱ፣ ያው ነው። አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩት እንጨት ቤቶች ቀብድ ሲቀበሉ «በ15 ቀን እናስረክባለን» ይላሉ። ቀኑ ሲደርስ «ቀለሙ አልደረቀም»፣ ቀጥሎ «መብራት ጠፍቶብን ነው»፣ ከዚያ ስልክ አይነሳም። ኪራዩ ግን ቀኑን ጠብቆ ይከፈላል፤ ልጆች ባዶ ክፍል ውስጥ ሲያስሉ ያድራሉ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ይህ ግን ውሉን ለሚተው እንጂ ለሚያዘገይ አይደለም። ለመዘግየት የሚያዋጣው ራሳችሁ የምታጽፉት ነው፦ የማስረከቢያ ቀን፣ በየቀኑ ከቀሪው ክፍያ የሚቀነስ ብር፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ልኩ በሴንቲ ሜትር። በቃል መተማመን ይቅር።

ልኩ ላይ ደግሞ የሚሠራው ግፍ ያንገበግባል። በሩ 90 ሴንቲ ነው ይሏችኋል፤ ሲከፈት ግን የመዝጊያው ውፍረትና ማጠፊያው ይዞበት የሚያሳልፈው ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ በሩን ከፍታችሁ ክፍቱን ቦታ ለኩ፤ ሊፍት በሌለው ጂ+4 ላይ ደግሞ የደረጃውን መታጠፊያ። ቁም ሳጥንን ሁሉም የሚለካው በቁመቱ ብቻ ነው። ቁመቱ 2.55 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሳጥን ተጋድሞ ገብቶ ሲቆም ሰያፉ 2.62 ሜትር ይደርሳል፤ 2.60 ሜትር ጣሪያ ሥር አይቆምም! ከዚያ መጋዝ ይመጣና አዲሱ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ይቆረጣል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን ቀድሞ ማስላት ነበረበት። ወይ ቁመቱ ይቀነስ፣ ወይ ተፈታቶ መጥቶ ቤት ውስጥ ይገጠም።

እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ወለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ሲሚንቶው ብርዱን ይዞ ያድራል። የሰውነት ሙቀትና ላብ በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው ሊሾ ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ጧት ፍራሹን ገልብጣችሁ እዩት፣ ሥሩ እርጥብ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይሻግታል። ላስቲክ ብቻ ማንጠፍ ደግሞ ባሰበት፤ ውሃውን እዚያው ፍራሹ ውስጥ ያስቀረዋል። ሁለት የእንጨት ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት ርብራብ) ፈልጉ፤ ባለ 1 ሜትር በ1.20ውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት 2 ሜትር በ1.20 ይሆናል፣ ከሥር አየር ያዘዋውራል። ፓሌት ከጠፋ ወፍራም ካርቶን፣ ከላዩ ሰሌን ወይም ጀንዲ። ፍራሹን በየጧቱ ግድግዳ ላይ አቁሙት።

ሊሾው አዲስ ከሆነ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩ። በማግስቱ ከሥሩ ጠብታ ካለ ወለሉ አልደረቀም፤ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ዕቃ አታስገቡበት፣ እግሩ ያብጣል። ያበጠ ኤምዲኤፍ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም።

ባሕር ዳር ብርዱ ይቀላል፣ የወባ ትንኙ ግን አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አልጋ የለም ብላችሁ አጎበር አትተዉ። አራቱን ማዕዘን በሲባጎ ከግድግዳ ምስማር እሰሩ፣ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ወትፉት።

ምጣድ ከዕቃ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ያኔ ነው አደጋው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በዲቫይደር ከተሰካ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የራሱን ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱን ብሬከር አስገጥሙለት።

ጫኝና አውራጁስ? ዋጋውን ከነፎቁ ቁጥር መኪናው ሳይከፈት ተስማሙ፤ ደረጃ ላይ ዕቃ አስቀምጦ «ጨምሩ» ማለት የተለመደ ሆኗል። ቀሪውንም ክፍያ መኪናው በር ላይ ስለቆመ ብላችሁ አትስጡ። አልጋው ተገጥሞ፣ መሳቢያው ሁሉ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ የቁም ሳጥኑ በር ሳያዘነብል መዘጋቱ ከታየ በኋላ ይከፈል።