የታዳጊዎች ኮሜዲ «ቆንጆ ልጆች መሰብሰብ» አይደለም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ተንታኝ ስለ ኦስካር የካስቲንግ (የተዋንያን መረጣ) ሽልማት ሲያወራ ሰማሁና ተናደድኩ። ሽልማቱን ታውቁታላችሁ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2024 ይፋ አድርጎ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው)፣ ከ2025 ጀምሮ ለወጡ ፊልሞች እንዲሰጥ ወሰነ። ሰውየው ሽልማቱን አልተቃወመም። ለከባድ ድራማ ይገባል ነው ያለው። የታዳጊዎች ኮሜዲ ሲነሳ ግን ሳቀ። እዚያ ደግሞ ምን ካስቲንግ አለ? ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ትሰበስባለህ፣ ራሳችሁን ሁኑ ትላቸዋለህ፣ ካሜራ ታበራለህ፣ አለቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛም አብሮ ሳቀ።

አስተያየቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ሰምቼ ባለፍኩት። ግን አዲስ አይደለም። ስለ ታዳጊዎች ኮሜዲ በተወራ ቁጥር ይሄው ነው የሚባለው። ፊልሙ ካሳቀን ልጆቹ አስቂኝ ስለሆኑ ነው። ፊልሙ ከተወደደ ዕድል ቀንቶት ነው። የጻፈው፣ የመረጠው፣ ያለበሰው፣ የቀረጸው ሰው ጭራሽ አይነሳም።

እሺ፣ እስኪ እነዚህን «ልጆች» እንያቸው።

በ1995 የወጣውን «ክሉለስ» ውሰዱ። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የሼርን የቅርብ ጓደኛ ዲዮንን የተጫወተችው ስቴሲ ዳሽ ፊልሙ ሲቀረጽ 27 ዓመት ሞልቷት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና! በ2004 ወደወጣው «ሚን ገርልስ» እንምጣ። የትምህርት ቤቱ ንግሥት ሬጂና የሆነችው ሬቸል ማክአዳምስ በቀረጻው ወራት 25ኛ ዓመቷን ደፍናለች። እናቷን ሆና የተወነችው ኤሚ ፖለር ደግሞ የምትበልጣት በሰባት ዓመት ብቻ ነው። ራሳቸውን ቢሆኑማ ኖሮ እናትና ልጅ ሳይሆኑ ጓደኛሞች ነበሩ። እኛ ግን አመንን። አንድም ቀን «ይቺ እናቷ አትሆንም» ብለን ከፊልሙ አልወጣንም። ይህን እምነት ዕድል አላመጣውም።

ለምን በዕድሜ የገፉ ተዋንያን እንደሚመረጡም ተንታኙ የጠየቀ አይመስለኝም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ተዋናይ በትምህርት ቀን ከ6 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። በዚያ ላይ 3 ሰዓት ይማራል፣ 1 ሰዓት ያርፋል። ቀረጻው ቦታ ላይ አስተማሪ መኖር አለበት። ስለዚህ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሲመረጥ የቀኑ ፕሮግራም በሙሉ ይቀየራል። ረዳት ዳይሬክተሩ የትኛው ትዕይንት መቼ እንደሚቀረጽ በልጁ የትምህርት ሰዓት ዙሪያ ነው የሚደለድለው። ትልቅ ሰው ሲመረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የ25 ዓመት ሴት ከ17 ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣ እኩያዋ መምሰል አለባት። ያም ሆነ ይህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል።

ስለ «ሚን ገርልስ» ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈችው ቲና ፌይ ናት፣ ዳይሬክተሩ ማርክ ዋተርስ፣ የካስቲንግ ዳይሬክተሯ ማርሲ ሊሮፍ። ሊንዚ ሎሃን መጀመሪያ የታሰበችው ለሬጂና ነበር፤ ለክፉዋ። ሬቸል ማክአዳምስ ደግሞ ኬዲን ልትሆን ነበር ለኦዲሽን (ለትወና ፈተና) የመጣችው፤ የዋኋን አዲስ ተማሪ። አማንዳ ሳይፍሪድም ሬጂናን አንብባ ነበር። አሁን በሐሳባችሁ ፊልሙን እንደዚያ አድርጋችሁ እዩት። ማክአዳምስ ግራ የተጋባች አዲስ ተማሪ፣ ሎሃን ጨካኟ ንግሥት። ያው ተዋንያን፣ ያው ስክሪፕት፣ ያው ዳይሬክተር። ግን ያው ፊልም አይሆንም። ማክአዳምስ በዓይኗ ብቻ ሰው የማሳነስ ችሎታ አላት፤ ያን ይዛ የዋህ ሁኚ ብትባል ማን ያምናታል? ሎሃንን ደግሞ ተመልካቹ ከዚያ በፊት በነበረው የቤተሰብ ኮሜዲ ወዷታል፤ ክፉ አድርገው ቢያመጧት ሰው ፊቱን ያዞር ነበር። ሳይፍሪድ ከሬጂና ወርዳ የሬጂና ቂል ጓደኛ ኬረን ሆነች። ለካ ያቺ ልጅ ፊቷን ባዶ አድርጋ፣ ዝናብ በጡቷ እንደምትተነብይ ከልቧ ስትናገር የምታስቀው እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው። ፊልም ሠርታ የማታውቅ ነበረች። በመጀመሪያ ፊልሟ ሰው ሁሉ አስታወሳት።

ይህ ሁሉ የወንበር ለውጥ ከመቅረጹ በፊት ያለቀ ሥራ ነው። ተመልካች አያየውም። ስለማያየው የለም ማለት ግን ድፍረት ነው። በከባድ ድራማ ቢሆን ይሄው ታሪክ በየቃለ መጠይቁ «የዳይሬክተሩ ጥልቅ ዓይን» እየተባለ ይተረክ ነበር። ኮሜዲ ሲሆን «ልጆቹ ተግባቡ» ይባላል።

«ሱፐርባድ»ም እንደዚሁ ነው። በ2007 የወጣ፣ ግሬግ ሞቶላ ያዘጋጀው፣ ሴት ሮገንና ኢቫን ጎልድበርግ ገና በ13 ዓመታቸው መጻፍ የጀመሩት። የካስቲንግ ዳይሬክተሯ አሊሰን ጆንስ ነበረች። ማክላቪንን የሆነው ክሪስቶፈር ሚንትዝ-ፕላሴ ያኔ ትወና የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ለኦዲሽን ያቀረበው ፎቶ በሞባይል የተነሳ ነው። ከዋናው ተዋናይ ከጆና ሂል ጋር እንዲያነብ ሲያደርጉት ሂል አልወደደውም። በልጁ በጣም ተበሳጨ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይግባቡም» ብሎ ልጁን ይሸኘው ነበር። እነሱ ግን ያ ንዴት ራሱ ለፊልሙ የሚያስፈልገው መሆኑን አዩ፤ በስክሪፕቱ ውስጥም የሂል ገጸ ባሕርይ ያንን ልጅ አይችለውም። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ስለነበር የወሲብ ትዕይንቱ ሲቀረጽ እናቱ እዚያው መገኘት ነበረባት። እናቱ ቆማ እያየች ያንን ትዕይንት መሥራት «ራስን መሆን» ነው? እዚያው ፊልም ውስጥ ኤማ ስቶን የምትባል ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ስክሪን ላይ ታየች። ዛሬ የሁለት ምርጥ ተዋናይት ኦስካር ባለቤት ናት። ሂልም ሁለት ጊዜ ታጭቷል።

አንዴ ቢሆን ዕድል እንበለው። ተከታትሎ ሲመጣ ግን ሌላ ስም አለው። ዶን ፊሊፕስ የሚባል የካስቲንግ ባለሙያ ነበር። በ1982 የወጣውን «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» ካስት አደረገ። «ክሉለስ»ን የሠራችው ዳይሬክተር የኤሚ ሄከርሊንግ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም ነው። ማንን አስገባ? ሾን ፔንን፣ ፎረስት ዊተከርን፣ እና ያኔ በቤተሰቡ ስም ኮፖላ ተብሎ የተጻፈውን ኒኮላስ ኬጅን። ሦስቱም ዓመታት ቆይተው የምርጥ ወንድ ተዋናይ ኦስካር ወሰዱ። በአንድ የታዳጊዎች ኮሜዲ! ይሄው ፊሊፕስ ለ«ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ተዋንያን ሲመርጥ ኦስቲን ውስጥ በአንድ ሆቴል ባር አንድ ወጣት አገኘና ወሬ ጀመሩ። ማቲው ማከናሂ ነው። እሱም ቆይቶ ያንኑ ኦስካር ወሰደ። ባር ውስጥ መገናኘቱማ ዕድል ነው ትሉኝ ይሆናል። ባር ውስጥ ስንት ሺህ ሰው ይገናኛል። አጠገቡ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ያወቀው ግን ፊሊፕስ ነው። የተሰጠው ሚና ትንሽ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ሊንክሌተር የልጁን አቅም ሲያይ እየጨመረ እየጨመረ ሄደ። ይህ ነው ሥራ ማለት።

ወደ «ክሉለስ» ልመለስ፤ ተንታኙን በራሱ ሜዳ የምገጥመው እዚያ ነው። ከክርክር ትዕይንቶቹ አንዱ ላይ ሼር ስለ ሄይቲ ስደተኞች ንግግር ታደርጋለች። ሼርን የተጫወተችው አሊሺያ ሲልቨርስቶን የሄይቲያውያንን ስም አጣማ ጠራችው። እየተወነች አልነበረም፤ በእውነት ተሳስታ ነው። ሊያርሟት የተነሱትን ሄከርሊንግ ከለከለች። እንዳትነኳት አለች። ይሄው ራሷን ሆነች ትሉኛላችሁ? ስህተቱ የተዋናይቷ ነው። በራስ መተማመኗ ሳይሰበር ስህተቱ ፊልሙ ላይ እንዲቀር የወሰነው ጭንቅላት ግን የሄከርሊንግ ነው። ቀረጻ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ሊያርም ሲሮጥ «ተዉት» የሚል ሰው መኖሩ ፊልሙን ፊልም አደረገው።

ልብሱስ? ሄከርሊንግና የአልባሳት ዲዛይነሯ ሞና ሜይ እውነተኛ ተማሪ ለማየት ቤቨርሊ ሂልስ ትምህርት ቤት ሄደው ነበር። ያዩት ምንድነው? የወቅቱ ፋሽን ግራንጅ ነበር። ሰፋፊ ሱሪ፣ የተጨማደደ ሸሚዝ። ራሳችሁን ሁኑ ቢባል ኖሮ ሼር የምትለብሰው ያንን ነበር። ሞና ሜይ ግን ያልነበረ ፋሽን ፈጠረች። ያ ቢጫ ባለ ሳጥን ሱፍ ከየትም አልወደቀም። ቀይ ተሞከረ፣ ሰማያዊ ተሞከረ፣ በመጨረሻ ቢጫው አሸነፈ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲኮርጀው የኖረ ልብስ ነው። ካሜራውን የያዘው ቢል ፖፕ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ «ዘ ማትሪክስ»ን ቀረጸ። ያኔ ማንም «ካሜራ ታበራለህ፣ አለቀ» አላለውም። ያው ሰው ነው። ያው ዓይን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። «ክሉለስ» የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን «ኤማ» የተባለ ልብ ወለድ ወደ ዘመናችን ያመጣ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው የኦስተን መጽሐፍ «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ፊልም ሆነ። በረጅም ቀሚስና በፈረስ ጋሪ። ሰባት የኦስካር እጩነት አገኘ፣ ኤማ ቶምሰን በስክሪፕቱ አሸነፈች። ይገባታል፣ ጥሩ ፊልም ነው። «ክሉለስ» ስንት አገኘ? አንድም። በዓመቱ ያው «ኤማ» በድሮ ልብስ ሲሠራ ደግሞ በአልባሳት ታጨ። ልብ በሉ፣ መጽሐፉ አንድ ነው። ከታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ ቀሚስ ጥበብ ተባለ፣ ከዜሮ የተፈለሰፈ ቢጫ ሱፍ የልጆች ነገር ተባለ። ብሔራዊ የፊልም ሐያስያን ማኅበር ሄከርሊንግን በምርጥ ስክሪፕት ሸልሟታል። ስለዚህ የሚያይ ዓይን ጠፍቶ አይደለም። ኦስካር ሰጪዎቹ ማየት ስላልፈለጉ ነው።

አዎ፣ ቀሽም የታዳጊዎች ኮሜዲ ሞልቷል። ቀሽም ድራማም ሞልቷል። ዋይታና ዝናብ ስላለበት ብቻ ዝም ብለን የምናልፈው ስንት አለ።

አሁን የካስቲንግ ሽልማት መጣ። አካዳሚው በ2025 መራጮች በአንድ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ሳያዩ የመጨረሻውን ድምፅ እንዳይሰጡ ደንብ አውጥቷል። ጥሩ። ግን ደንቡ የሚጠቅመው ለታጨ ፊልም ነው። ያልታጨውን ማንም እንዲያይ አይገደድም። ስለዚህ የሚያጨው ማነው የሚለው ነው ዋናው። የካስቲንግ እጩዎችን የሚመርጡት ራሳቸው የአካዳሚው የካስቲንግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከ2013 ጀምሮ የራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው። የሙያ ባልደረቦቻቸው ምን እንደሠሩ ያውቃሉ። የ25 ዓመት ሴት ከ17 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማሳመን ምን ያህል እንደሚከብድ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ተንታኙ አያውቅም እንበል። እነሱ ግን አላወቅንም ማለት አይችሉም። በመጪዎቹ ዓመታት ዝርዝራቸው በወጣ ቁጥር ጦርነትና የታሪክ ሰው ብቻ ከሞላው፣ ጣቴን የምቀስረው በተንታኙ ላይ ሳይሆን በእነሱ ላይ ነው።