ታንክ ለሚጠብቁ ወገኖቼ የቀረበ ምስጋና

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ሌላው ሲደናገጥ ቅንድባቸው እንኳ የማይነቃነቅ፣ ረጋ ያሉ ወገኖቼን ላመሰግን ነው። “ዴሞክራሲያችን ወደ አምባገነንነት እየተንሸራተተ ይሆን?” የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ አስፋልቱ ያያሉ። ታንክ የለም። ቴሌቪዥኑም ማርሽ አያሰማም። “አማን ነው” ብለው ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። ከዚህ የላቀ የምርመራ ጥበብ ከወዴት ይገኛል?

ሥራቸው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሀንጋሪን ተመልከቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። በ2010 ምርጫ ቪክቶር ኦርባን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ፓርቲው 53 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ወንበር ያዘ። በዓመቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ቀጥሎ የዳኞች የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 ወረደ። ነገር ፈላጊው “ነባሮቹን ጠርጎ የራሱን ሰዎች ሊያስቀምጥ ነው” ብሎ ጮኸ፤ ወገኖቼ ግን ያዩት የጡረታ ጉዳይ ብቻ ነው። ዳኛም ሰው ነው፣ ይረፍ እንጂ! የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ሕጉ አድሎ ነው ሲል ፈረደ፤ እስከዚያው ብዙ የአመራር ወንበሮች አዲስ ባለቤት አግኝተው ነበር።

በ2018 ደግሞ ለመንግሥት የሚቀርቡ ባለሀብቶች ከ400 የሚበልጡ ጋዜጦቻቸውን፣ ሬዲዮዎቻቸውንና ድረ ገጾቻቸውን ለአንድ ፋውንዴሽን በነጻ አስረከቡ። በነጻ! ነጋዴ ሀብቱን ያለ ዋጋ ሲሰጥ የማይጠረጥር ልብ፣ እውነቴን ነው፣ የቅዱሳን ልብ ነው።

የመካከለኛው አሜሪካዋ ኤል ሳልቫዶር ላይ እኔም ትንሽ እፈተናለሁ። በመጋቢት 2022 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለ30 ቀን ነበር። ወንበዴዎች ታፈሱ፤ ግድያ ቀነሰ፤ ሕዝቡ በሰላም ወጥቶ መግባት ጀመረ። ይህን የሚክድ ሐሰተኛ ነው። ታዲያ ያች ሠላሳ ቀን በየወሩ ስትታደስ ዓመታት አለፏት፤ ምንም የማያውቅ ሰው አብሮ ታፍሶ ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ ግን ለወንበዴ ጥብቅና መቆም ሆነ። በሐምሌ 2025 ምክር ቤቱ 57 ለ3 በሆነ ድምፅ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብ አነሳ፤ ዘመኑንም ከ5 ወደ 6 ዓመት አሳደገው። ሁሉም በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ቢሮክራሲ አሰለቸን ለምንል ሰዎች ምን ያልተሟላ ነገር አለ?

“ድምፅ ተሰጥቶበታል እኮ!” ይላሉ ወገኖቼ፤ ልክ ናቸው። መጋቢት 1933 በጀርመን ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ የፈቀደው አዋጅም 444 ለ94 ድምፅ ተቆጥሮ ነው ያለፈው፤ ያውም ለአራት ዓመት ብቻ። የኮሚኒስት ተወካዮች ታስረው ወይም ሸሽተው ስለነበር አዳራሹም አልተጨናነቀም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያሉ የሚያላግጡባቸው አሉ። ይህ ግፍ ነው። ወገኖቼ ጅቡ ከሄደም በኋላ አይጮሁም፤ የጎረቤት እንቅልፍ ያከብራሉ።

ማኅበራቸው ደግሞ አባል አያጣም። ትናንት በተቃዋሚነት ጉሮሯቸው እስኪዘጋ “ሕግ ተጣሰ” ሲሉ የነበሩ፣ ፓርቲያቸው ያሸነፈ ዕለት ያንኑ የተገራ ፍርድ ቤት፣ ያንኑ የአዋጅ ሥልጣን “እኛ እንኳ ለበጎ ነው የምንጠቀምበት” ብለው ይረከባሉ። መፍረስ አለበት ያሉት ሁሉ በአንድ ሌሊት የልማት መሣሪያ ይሆናል። እንኳን ደህና መጣችሁ እላቸዋለሁ፤ ነባሮቹም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁላቸዋል።