ክብር ለሞተ ስደተኛ

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ያሉት አበው የአሜሪካን ትምህርት ቤት ሳያዩ ነው። አይተው ቢሆን ኖሮ ረጅም አንገቱ ላይ የካርቶን ሻንጣና በእርሳስ የተሳለ ጢም ይጨምሩለት ነበር። በቅርቡ የጎረቤቴን ልጅ ተከትዬ «የስደተኞች ቀን» ሲከበር አይቻለሁና ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

መድረኩ ኤሊስ አይላንድ ነው፤ የኒው ዮርክ ወደብ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለፈበት ደሴት በስፖርት አዳራሽ ውስጥ በ40 ደቂቃ አለቀ። ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው! በመጀመሪያው ቀን በሩን ያለፈችው አየርላንዳዊት አኒ ሙር የ10 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ተሸልማ ነበር፤ እሷን ሆና የተጫወተችው ልጅም በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት አልቀረባትም። ነጭ ካፖርት የለበሰው «ሐኪም» ደግሞ እንደ ጥንቱ ጠመኔውን ይዞ የተሰለፉትን ደረት ላይ ይጽፋል፦ ዓይኑ ለታመመ አንድ ፊደል፣ ለሚያነክስ ሌላ። ወላጆች በስልካቸው እየቀረጹ እንባቸውን ጠረጉ።

የጎረቤቴ ልጅ አሜሪካ ከገባ ስድስተኛ ወሩ ነው። ምን ሆኖ ተጫወተ አትሉም? መጋረጃ ጎታች። እናቱ ብትጠይቅ መምህሯ በፈገግታ «እንግሊዝኛው ስደተኛ ሆኖ ለመጫወት ገና አልደረሰም» ብለው አስረዷት። እውነታቸውን ነው። ስደተኛ መሆን ቀላል አይደለም፤ እዚሁ መወለድን፣ የአየርላንድ ሰው አነጋገር መኮረጅንና ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ መምጣትን ይጠይቃል።

በትዕይንቱ መሀል አንድ መርማሪ ረጅም ስም ሰምቶ «ከዛሬ ጀምሮ ስሚዝ ነህ!» ሲል አዳራሹ በሐዘኔታ ቃተተ። በነገራችን ላይ፣ የኤሊስ አይላንድ መርማሪዎች ስም አይለውጡም ነበር። ሥራቸው የመርከብ ድርጅቱ ሞልቶ የላከውን የተሳፋሪ መዝገብ ማመሳከር ነው፤ ስሙን የቀየረ ሰው ብዙውን ጊዜ የቀየረው ኋላ ላይ ራሱ ነው። እነዚያ ሰነፎች ያልሠሩትን ትምህርት ቤቱ ሠርቶታል። የጎረቤቴ ልጅ አምስት ፊደል ያለው ስም ይዞ ገብቶ በሳምንቱ ሁለት ፊደል ብቻ ቀረለት። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ እነሱም አይጠሩትም።

«ኤንጅል አይላንድስ?» ብዬ ብጠይቅ የአዳራሹ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ተገቢ ነው። ከ1910 እስከ 1940 ሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ላይ የነበረው ያ የስደተኞች ጣቢያ ለመድረክ አይመችም። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ከቻይና የሚመጡት ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት እዚያ ታግተው «የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? ጎረቤታችሁ ማን ነው?» እየተባሉ ይመረመሩ ነበር። መልሳቸው ከዘመዳቸው መልስ ካልገጠመ ሊባረሩ ይችላሉ። ግጥማቸውን የእንጨቱ ግድግዳ ላይ ቀርጸው ትተዋል። ታዲያ ለወራት ቁጭ ብሎ መጠበቅን የትኛው ልጅ ይተውነዋል? የሚያምር ባርኔጣም የለው።

ሕጉንም ቢሆን አልዘነጉትም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ መስጠት ብቻውን እኩልነት አይሆንም ብሏል። ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ድጋፍ ተደርጎለታል፦ ኮሪደር ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ ታብሌት፣ አንድ ማዳመጫ። ታብሌቱ ድመት ያሳየውና «ካት» ይለዋል። አገሩ አልጀብራ ጀምሮ የነበረው ልጅ ከድመቷ ጋር ሦስተኛ ወሩን ይዟል። የክፍሉ ልጆች ወደ ሽንት ቤት ሲያልፉ እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ ማካተት የሚባለው ይኸው ነው መሰለኝ።

ከበዓሉ በኋላ የቤት ሥራ ተሰጠ፦ «አንድ ስደተኛ አነጋግራችሁ ታሪኩን ጻፉ»። ልጆቹ አያቶቻቸው ጋ ደወሉ፤ አያቶቻቸውም የአያቶቻቸውን አስታወሱ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ለመጠየቅ ያሰበ አልተገኘም። ያ ብቻውን የቀረው ልጅ ራሱን ጠየቀ፣ ለራሱ መለሰ፤ ድንበሩን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን፣ ታናሽ እህቱ ተኝታ ያለፈችበትን ሌሊት በሁለት ገጽ ጻፈ። መምህሯ ወረቀቱን ሲመልሱ በቀይ እንዲህ ብለውበታል፦ «ግሩም ፈጠራ ነው! ግን የተጠየቀው እውነተኛ ስደተኛ ነው። እስከ ሰኞ አስተካክለህ አምጣ።»