ሳይቶካይን ጠላት ብቻ አይደለም

ስለ ወንድ መካንነት የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ግን ሳይቶካይንን፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚላላኩበትን ፕሮቲን፣ ጠላት ብቻ አስመሰላችሁት። ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉት ሳይቶካይኖች እኮ በጤነኛ የዘር ፍሬ ውስጥም አሉ። ስፐርም መመረት የሚጀምረው በጉርምስና፣ ሰውነት የራሱን ከባዕድ መለየት ከተማረ በኋላ ነው። ስለዚህ መከላከያው ስፐርሙን እንደ ባዕድ እንዳያጠቃው፣ በዘር ፍሬ ውስጥ ስፐርምን የሚንከባከቡት የሰርቶሊ ሴሎች አጥር ሠርተው ይከልሉታል። ሳይቶካይኖቹ በልካቸው ሲሆኑ አጥሩን ከፈት ዘጋ እያደረጉ በማደግ ላይ ያለውን ሴል ያሳልፋሉ። ጣጣው ኢንፌክሽን ሲያበዛቸው ነው።

እኔ ራሴ ከከባድ ትኩሳት በወሩ ተመርምሬ የስፐርሜ ቁጥር አሽቆልቁሎ ሳይ ክው አልኩ። ስፐርም ተሠርቶ ለማለቅ 74 ቀን ገደማ እንደሚወስድበት፣ በትኩሳቱ የተጎዳውም እስኪተካ መጠበቅ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም። ከሦስት ወር በኋላ ስደግመው ተስተካክሏል። አማቴ ግን እስከ ዛሬ «ጠበሉ ነው» ይላሉ።