ዘይቱን ከማሞቃችሁ በፊት

ደሴም በሉት ወልድያ፣ አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ «አንዱ ጆሮዬ ድፍን አለብኝ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ምች ነው!» ይላል አንዱ። «ኩክ ነው፣ ዘይት ሞቅ አድርገህ ጠብ አድርግበት» ትላለች ሌላዋ። ቡና ላይ ከተነሳማ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። ጤና ጣቢያ የሄደውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጠብታ ተይዞለት «ካልተሻለህ ተመለስ» ተብሎ ይሸኛል።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው እስኪመለስ ጆሮው ሊያመልጠው ይችላል።

ከታምቡሩ ወዲያ፣ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ኮክሊያ የሚባል ክፍል አለ። ድምፅ የሚሰሙልን ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጥቃቅን ሕዋሳት እዚያ ናቸው። ከሞቱ አይተኩም። ከደም የሚለያቸው ግርዶሽ ስላለ፣ የሰውነታችን መከላከያ እዚያ ድረስ አይዘልቅም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። አሁን ግን ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት እዚያው እንደሚኖሩ ይታወቃል። ቫይረስ ሲገባ፣ ከባድ ድምፅ ሲመታው ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት ሲጎዳው ከደም ተጨማሪ ኃይል ይደርሳል። የሞተውን ያነሳሉ፣ ያጸዳሉ። ይህ ከጉዳት ጋር የሚደረገው የሰውነት ትግል፣ መቆጣት የሚባለው፣ ልክ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ በራሳችን ሕዋሳት ላይ ይሆናል። ማጅራት ገትርን አስቡት፤ ጀርሙ በመድኃኒት ከሞተ በኋላ እንኳ መቆጣቱ ቀጥሎ ኮክሊያው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፣ ልጁ ከሞት ተርፎ መስማት ያቆማል።

አንዳንዴ ደግሞ ሰውነት ያለ ጀርም የገዛ ጆሮውን ያጠቃል። በ1979 እ.ኤ.አ. ብራያን ማኬብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሁለቱም ጆሮዎቻቸው መስማት እየወረደ የሄደ፣ መቆጣትን በሚያበርድ መድኃኒት ግን የተሻላቸው ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ሕመሙ ብርቅ ነው። ቢሆንም የውስጥ ጆሮ ችግር ሁሉ «አለቀለት» የሚባል እንዳልሆነ ያሳየ ነው።

በአንድ ጆሮ ላይ በድንገት፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚመጣው መደንቆር ይለያል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ቫይረስም፣ የደም ዝውውርም፣ ይኸው የመከላከያ ሥርዓትም ይጠረጠራሉ። ሐኪሞች እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይሰጣሉ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ሁሉንም አያድንም፤ ያለ መድኃኒት የሚመለስለትም አለ። ግን ወር ቆይቶ የመጣ ሰው ይህን ዕድል አብዛኛውን ጨርሶታል።

ኩክ ይሁን የውስጥ ችግር መጠርጠሪያ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ከጎላ ኩክ ወይም የመሃል ጆሮ ነገር ሊሆን ይችላል። በጤነኛው ከጎላ ግን በዚያው ቀን ውጡና የአንገት በላይ ሐኪም ፈልጉ። ምርመራን አይተካም፣ ግን ያስቸኩላል።

ጤና ጣቢያዎቻችንም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ቱኒንግ ፎርክ፣ ያ ባለ ሁለት ጣት ብረት፣ ሊኖራቸው ይገባል። መብራት አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ። ጆሮው ውስጥ ኩክ ከሌለ፣ ታምቡሩም ደህና ከሆነ፣ ጠብታ ምን ይሠራል? ሪፈሩን ጻፉለት! ከላስታ ወይም ከወግዲ ደሴ መድረስ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው ጤና ጣቢያው ለስፔሻሊስቱ ስልክ ደውሎ መድኃኒቱን እዚያው ማስጀመር መቻል ያለበት።

ፀበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም። ጎን ለጎን ይሁን እንጂ «መጀመሪያ እሱን ልሞክር» ተብሎ ሁለት ሳምንቱ አይለቅ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከከባድ መሣሪያ ድምፅ ወዲህ ጆሮው ጭው የሚልበትም ሰው አለ። ለእሱ ስቴሮይዱ አሁን ረፍዷል፤ የመስማት ምርመራና ማዳመጫ መሣሪያ ግን ዛሬም ይጠቅሙታል።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ፕሬድኒሶሎን እንዳትገዙ። ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የተኛ የሳንባ ነቀርሳም ይቀሰቅሳል። መጠኑንና ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።